የልስኑ ስንጥቅና የቀረው ሂሳብ

(የዝግጅቱ መለያ ዜማ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)



የዛሬው ጉዳያችን ከማናችንም ደጃፍ የራቀ አይደለም። ቤቱን ለማሳደስ ግንበኛ ወይም አናጢ ወይም ቀለም ቀቢ የጠራ ሰው፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ዕቃውን ገዝቶ፣ ቤተሰቡን በአንዲት ክፍል አጨናንቆ ከከረመ በኋላ፣ ሥራው እንደ ታሰበው ሳይሆን ቢቀርና ሠራተኛው ግን «የቀረ ሂሳቤን ስጠኝ» ብሎ በደጅ ቢቆም፣ ያ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ይክፈልን? ይከልክልን? ወይስ ከፍሎ ይክሰስ?

እነዚህን ጥያቄዎች በልቡናችሁ አኑሩልኝ፤ እንመለስባቸዋለን።

(አጭር ዜማ)

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንሂድ፤ የማንም ሰው ታሪክ ያይደለ፣ ለትምህርት ብቻ የተበጀ ምሳሌ ነው። በወላይታ ሶዶ፣ በኦቶና ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ቤታቸው እንደ ብዙዎቻችን ቤት በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው በቴሌብር ገንዘብ ቢልክላቸው፣ ከቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ሊያስጨምሩ፣ ግድግዳውን ሁሉ በሲሚንቶ ሊያስለስኑ፣ አሮጌውን ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ሊያስለውጡና አሸንዳ ሊያስገጥሙ አስበው፣ ከአንድ ግንበኛ ጋር በ60,000 ብር የእጅ ዋጋ ተስማሙ። ዕቃውን ሁሉ የሚገዙት እርሳቸው ናቸው። ሥራው ሲጀመር 20,000፣ ጣራው ሲመታ 20,000 ብር ከፈሉ፤ የቀረው 20,000 ብር ሥራው ሲያልቅ ሊከፈል ተቀጠረ።

ሥራው በየካቲት አለቀ ተባለ። ሂሳቡ ሳይዘጋ የበልግ ዝናብ ደረሰ።

(በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የዝናብ ድምፅ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል)

በመጀመሪያው ሌሊት ጣራው በሦስት ስፍራ አፈሰሰ። በአዲሲቱ ክፍል ልስን ላይም ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ታየ። በማግሥቱ ግንበኛው ለሂሳቡ መጣ።

«ልጄ፣ ለሚያፈስ ቤት አንዲት ሳንቲም አልሰጥህም» አሉት።

«እናቴ፣ እንጨቱን የገዙት እርስዎ፣ ሲሚንቶውንም የገዙት እርስዎ፤ እኔ የሸጥሁት ጉልበቴን ነው። ሠራተኞቼም ደመወዛቸውን የሚጠብቁት ከእኔ ነው» አላቸው።

አድማጮቼ ሆይ፣ እስቲ ፍረዱ፤ እውነቱ ያለው ከማን ዘንድ ነው?

(ቆይታ)

እኔ እንደሚመስለኝ እውነቱ ከሁለቱም ዘንድ ተከፍሎ ይገኛል፤ ጠቡን የሚያከርረውም ይኸው ነው። ፍጹም ሐሰት የያዘ ሰው ቶሎ ይረታል፤ ግማሽ እውነት የያዘ ሰው ግን እስከ ሰበር ችሎት ድረስ ቢሟገት አይደክመውም። ስለዚህ የገንዘቡን ነገር ከማንሣታችን አስቀድሞ የጥፋቱን ምክንያት መመርመር ይገባናል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ክርክር በጩኸት ብዛት የሚወሰን ነውና።

ከስንጥቁ እንጀምር። ርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይጣመማልም። ጭቃም እንዲሁ ውኃው በወጣለት መጠን ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ከጠነከረ በኋላ አብሮ መኮማተርን አያውቅም። እንጨቱ ሳይደርቅ የቆመ፣ ጭቃውም ሳይደርቅ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ፣ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ውጩ አልንቀሳቀስም ስለሚል፣ ደካማ በሆነው ስፍራ፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ ይሰነጠቃል። ዳግመኛም ሲሚንቶ በጭቃ ላይ በራሱ ኃይል አጥብቆ አይይዝም፤ ጥንቁቅ ግንበኛ አስቀድሞ የወንፊት ሽቦ በግድግዳው ላይ ቸንክሮ በዚያ ላይ ይለስናል።

ሌላም ዓይነት ስንጥቅ አለ። መረብ የመሰለ፣ ጥቃቅን፣ በግድግዳው ሁሉ ላይ የተበተነ ነው። ይህ የሚመጣው ልስኑ በፀሐይ ፈጥኖ ሲደርቅ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውኃን እየጠጣ ስለ ሆነ፣ አዲስ ልስን ለጥቂት ቀናት፣ አርማታ ግን ቢያንስ ለ7 ቀን ጧትና ማታ ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል። በበጋ ፀሐይ ለስኖ ውኃ ሳያጠጣ የሄደ ግንበኛ፣ ለመረቡ ስንጥቅ ሌላ ሰው ሊወቅስ አይችልም፤ ውኃ አጠጣ ተብሎ የተነገረው ባለቤቱ ከሆነና እርሱ ቸል ካለ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ባለቤቱ ይዞራል።

እንግዲህ በምሳሌያችን የአዲሲቱ ክፍል እንጨት ርጥብ ነበር እንበል፤ የገዙት እናቲቱ ናቸው። ርጥብ መሆኑን በእጁ ዳስሶ እያወቀ ዝም ብሎ የቸነከረውስ ማን ነው? ባለሙያው። ባለሙያ የሚከፈለው ለእጁ ብቻ ሳይሆን ለዕውቀቱም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ፤ «እናቴ፣ ይህ እንጨት ሁለት ወር በጥላ ይቈይ» ብሎ የተናገረ ግንበኛ ቢሆን ኖሮ ክርክሩን እዚህ ላይ በረታ ነበር። አልተናገረም፤ ስለዚህ የዚህ ስንጥቅ ዕዳ ለሁለት የሚከፈል ነው።

የጣራው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው ከፍ ባለው በጀርባው ላይ ነው እንጂ ውኃ በሚወርድበት በቦዩ ውስጥ አይደለም። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሲደረብም መደራረቡ የሚበቃ መሆን አለበት፤ ካልበቃ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወደ ላይ ገፍቶ ያስገባዋል። በምሳሌያችን ሚስማሩ በቦዩ ተመትቶ ተገኘ እንበል፤ ቆርቆሮው በማንም ገንዘብ ቢገዛ ሚስማሩን በቦዩ የመታው እጅ የግንበኛው ነው። እዚህ ላይ «ዕቃውን የገዙት እርስዎ ነዎት» የሚለው መልስ አያድነውም።

እናንተስ በቤታችሁ ይህን እንዴት ትመረምራላችሁ? ልስኑን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት፤ እንደ ባዶ ቅል የሚጮኽ ከሆነ ከግድግዳው ለቅቋል ማለት ነው። ለጣራው ዝናብ አትጠብቁ፤ አንድ ሰው በባልዲ ውኃ ከላይ ያፍስስ፣ ሌላው በውስጥ ቆሞ ይመልከት። ይህም መሆን ያለበት የመጨረሻው ገንዘብ ከመከፈሉ አስቀድሞ፣ ግንበኛውም ባለበት ነው። ያየኸውን ጉድለት በዝምታ አልፈህ ቤቱን ከተረከብህ በኋላ መጮኽ ደካማ ክርክር ነው።

(ዜማ፤ ይቀንሳል)

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። እናቲቱ 20,000ውን ብር በሙሉ ይከልክሉን?

አይገባም። ለምን ቢባል፣ ግንበኛው የሠራው ሥራ አለና። ክፍሉ ቆሟል፤ ወለሉ ተሊሽቷል፤ አሮጌው ግድግዳ በደኅና ተለስኗል። ኦሪት ዘዳግም የምንደኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ ክፈል ብሎ ያዘዘው ሠራተኛው ነፍሱን በዚያ ላይ ስለሚጥል መሆኑን የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ፤ ከግንበኛው በስተኋላም ጭቃ ያቦኩ፣ ድንጋይ ያመላለሱ፣ ስለ ሚስማሩ ምንም የማያውቁ የቀን ሠራተኞች ቆመዋል። ከዚህ ሌላ በሕግ ፊትም አደጋ አለው። ሁሉን የከለከለ ሰው ከሳሽ መሆኑ ይቀርና ባለዕዳ ሆኖ ይቆማል፤ ዳኛውም «ጣራው ለምን አፈሰሰ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ለተሠራው ሥራ ለምን አልከፈሉም?» ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ በሙሉ ይክፈሉን? ይህም አይገባም። ሙሉ ሂሳቡን የተቀበለ ግንበኛ ሥራ ባገኘበት፣ ነገ በዲላ፣ ከነገ ወዲያ በሐዋሳ ነው፤ «መጥቼ አስተካክላለሁ» ያለው ቃል ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

የሚገባው መንገድ በመካከል ነው። ሁለት ሌሎች ግንበኞች ተጠርተው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ የጣራውን ሚስማር ለማስተካከል፣ የተሰነጠቀውንም ልስን አንሥቶ በሽቦ ለመለሰን ምን ያህል እንደሚጠይቅ ይናገሩ። 8,000 ብር አሉ እንበል። እንግዲያውስ እናቲቱ 12,000ውን ብር ይክፈሉ፤ 8,000ውን ሥራው እስኪስተካከል ድረስ ይያዙ። የስንጥቁ ዕዳ ለሁለት የሚከፈል ነው ብለናልና፣ ግንበኛው መጥቶ ቢያስተካክል ሽቦውንና ሲሚንቶውን እርሳቸው ቢገዙለት ርትዕ ነው።

ይህን ነገር ልድገመው፤ የዛሬው ትምህርት አንኳር እርሱ ነውና። የጎደለውን ያህል ያዙ፤ የተሠራውን ክፈሉ፤ የያዛችሁበትንም ምክንያት ጻፉ።

(ቆይታ)

ሕጉስ ምን ይላል? የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ፍትሐ ነገሥትና የየአገሩ ልማድ ይዳኙት የነበረውን የውል ጉዳይ ሁሉ በቁጥር በቁጥር ደንግጓል። እኛን የሚመለከቱንን ጥቂቶቹን ብቻ ላንሣ።

የእጅ ሥራ ውል በወረቀት ካልተጻፈ አይጸናም የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። በቁጥር 1719 እንደ ተመለከተው ሕግ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃል የተደረገውም ውል ውል ነው። ችግሩ ከመጽናቱ ላይ ሳይሆን ከማስረጃው ላይ ነው። እናቲቱ «አሸንዳ ትገጥማለህ ብዬሃለሁ» ቢሉና እርሱ «አላሉኝም» ቢል፣ በሁለቱ መካከል የቆመ ስምዕ ማን ነው? ስለዚህ የደብተር ገጽም ቢሆን ጻፉ፤ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ብር፣ በስንት ጊዜ፣ ዕቃው የማን እንደ ሆነ ጻፉና ሁለት ምስክር አስፈርሙ። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ገንዘብ ቀኑንና መጠኑን ራሱ ይመሰክራል፤ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ግን ፊርማ ይፈልጋል።

ቀብድ የሰጠና የተቀበለም ይህን ይስማ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ቁጥሩ 1885 ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቁጥር 1772 ነው። «ውሌን አልፈጸመልኝም» ለማለት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለተዋዋዩ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳያስጠነቅቁ ሌላ ግንበኛ አምጥቶ ማፍረስና እንደ ገና ማሠራት፣ ከዚያም ወጪውን ከፊተኛው መጠየቅ፣ ልክ የነበረውን ክርክር ያበላሻል። አስጠንቅቃችሁ እንቢ ካለ ግን ቁጥር 1777 በር ይከፍትላችኋል፤ በእርሱ ወጪ በሌላ ሰው እንድታሠሩ ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድላችሁ ይችላል።

ዳግመኛ ቁጥር 3039 አለ። ሕንጻ የሠራ ሥራ ተቋራጭ፣ ቤቱን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለአሠራሩ ደኅንነትና ለግንባታው ጽናት ዋስ ነው። በሠራው ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ቤቱ ቢፈርስ ወይም ቢበላሽ ይጠየቃል። እኛ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የምንሠራ ሰዎች፣ የክረምት ጎርፍ ከተራራው እየወረደ መሠረትን የሚያጥብብን፣ «መሬቱ ነው» የሚለው ምክንያት ግንበኛውን ነጻ እንደማያወጣው ልናውቅ ይገባናል። ይሁን እንጂ ይህን ታላቅ አንቀጽ ለቀለም መላጥ መጥቀስ የተገባ አይመስለኝም፤ እርሱ የቆመው ለግድግዳና ለጣራ ጽናት ነው።

(አጭር ዜማ)

ማስጠንቀቂያው እንዴት ይጻፋል? እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ፤ በዝግታ አነብላችኋለሁ። ለእናቲቱ የሚስማማው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ነው።

«በዚህ ቀን በ60,000 ብር የእጅ ዋጋ ቤቴን ልታድስ ተስማምተን 40,000 ብር ከፍያለሁ። ዛሬ ደግሞ 12,000 ብር ከፍያለሁ። ጣራው በሦስት ስፍራ ያፈሳል፤ የአዲሲቱ ክፍል ልስን ከመስኮቱ በታች ተሰንጥቋል። በ15 ቀን ውስጥ መጥተህ እንድታስተካክል እጠይቅሃለሁ። ለዚህ ሥራ 8,000 ብር ይዣለሁ፤ ሥራው እንደ ተስተካከለ እከፍልሃለሁ። ካላስተካከልህ በሌላ ባለሙያ አሠርቼ ወጪው ከያዝሁት ላይ እንዲታሰብ በሕግ እጠይቃለሁ።»

ስድብ የለበትም፤ «ሌባ» የሚል ቃል የለበትም። ስድብ በጽሑፍ ሲገባ ደብዳቤው የባለቤቱ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የተሰዳቢው ማስረጃ ይሆናል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርም፤ አልፈርምም ቢል ምስክሮች ባሉበት ስጡት። የፈሰሰበትን ስፍራና ስንጥቁንም በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከቅርብ ብቻ ሳይሆን ቤቱ እንዲታወቅ ከሩቅም ጭምር።

ግንበኛ ወንድሞቻችንም ይህን መንገድ ለራሳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ባለቤቱ ርጥብ እንጨት ቢገዛ፣ ሲሚንቶ ቢያሳንስ፣ ቶሎ ጨርስ ብሎ ቢያስጨንቅ፣ ምክራችሁን አጭር በሆነ የስልክ መልእክት ላኩለት። ያቺ መልእክት በኋላ ጠበቃ ትሆንላችኋለች።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ልከልክል። የግንበኛውን መዶሻ፣ መለኪያና መወጣጫ በቤት ቈልፎ መያዝ የተለመደ ሆኗል። ይህ የጎደለውን ያህል መያዝ አይደለም፤ የሰውየውን እንጀራ መያዝ ነው፤ የተበደለውንም ሰው በዳይ ያደርገዋል። ወደ ፖሊስ መሮጥም እንዲሁ ከንቱ ድካም ነው፤ ማታለል ከሌለበት በቀር «ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው» ብለው ይመልሷችኋል።

(ቆይታ)

15ቱ ቀን አለፈ፤ ግንበኛው አልመጣም እንበል። አሁን ሽማግሌ ይጠራ። በወላይታ ሽማግሌ ተቀምጦ ያላበረደው ጠብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ለቤት ሥራ ክርክር የተከበረ ሽበት ብቻ አይበቃም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ ግንባታ የሚያውቅ፣ በቴክኒክና ሙያ ያስተማረ ወይም ራሱ አናጢ የነበረ ሰው ይሁን። ክርክሩንም በጥላ ሥር ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያድምጡ፤ መሰላል ቆሞ ሚስማሩ ይታይ፤ ልስኑ ይንኳኳ። የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሽማግሌዎች ገንዘቡን እኩል ከፍለው ማስታረቅን ይወዳሉ፤ እኩል መክፈል ደግሞ ለእርቅ ይመቻል እንጂ ሁልጊዜ ፍትሕ አይደለም። ሚስማሩን በቦይ የመታ ሰው በግማሹ ስለ ምን ይማራል?

እርቅን አገራችን በሕግም አክብራዋለች፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የወጣው ተከራካሪዎች ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ጉዳያቸውን በሥርዓት እንዲጨርሱ ነው።

እርቁ እንቢ ካለ ፍርድ ቤት አለ። ለአነስተኛ ገንዘብ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ለሚበልጠው የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም ያነሰው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይጠይቅ። ክስ መጻፍ የተቸገረም በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ክሱን ስትጠብቁ ግን ጣራው እያፈሰሰ ቤቱ እንዲበሰብስ አትተዉት፤ ሕጉ በቁጥር 1802 ተበዳዩም ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለውን እንዲያደርግ ያዛልና፣ ፎቶግራፉን አንሥታችሁ፣ ምስክር አቁማችሁ፣ ቢያንስ ላስቲክ አልብሱት።

እርቅ ከተገኘም በቃል ብቻ አታብቁት። ማን ምን እንደሚያስተካክል፣ እስከ መቼ፣ 8,000ው ብር መቼ እንደሚከፈል ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። እንዲህ ያለው የእርቅ ስምምነት በቁጥር 3312 መሠረት በሁለቱ መካከል ይግባኝ እንደሌለበት ፍርድ የሚጸና ስለ ሆነ፣ ነገ ተነሥቶ «አልተስማማሁም» ማለት አይቻልም። እንግዲያውስ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ማንበብ የማትችሉም የምታምኑት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ያንብብላችሁ፤ በተለይም የቀኑንና የገንዘቡን ስፍራ።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ ተከራይ በቤቱ ላይ ያወጣውን የእድሳት ወጪ ከአከራዩ ሊጠይቅ ይችል እንደ ሆነ እንነጋገራለን። በዚህ ጉዳይ የገጠማችሁ ነገር ካለ ጻፉልን።

(የዝግጅቱ መለያ ዜማ ከፍ ይላል፤ ያበቃል)